ዘጠናው ብርና የአባቴ ቀንድ

ቀንቻለሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ሰው "ተናድዶ ነው"፣ "ለሰፈሩ አስቦ ነው" እያለ ሊያለሳልስልኝ ይሞክራል፤ ተዉኝ እባካችሁ! እኔ ሽባባው በአብሮ አደጌ በአዝመራው ቀናሁ፣ እርር ድብን አልኩ፣ ከዚያ የሆነው ሆነ። አሁን እግሬ ላይ የምታዩት ጫማ የእሱ ነበር። ጣቶቼን ይበላኛል። ይብላኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ከጉብታው ፊት ለፊት ጫካችን አለ፤ አለ እላለሁ እንጂ አሁን የቀረው ግማሹ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ወረድ ሲሉ ቀርከሃ። ቀፎ የምንሰቅለው እዚያ ነው፣ ሞፈር የምንቆርጠው ከዚያ ነው፣ ምንጫችንም የሚወጣው ከሥሩ ነው። ከጫካው ግርጌ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አንዱ ተነሥቶ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ሜዳው ጫፍ ላይ እሳት ይለኩሳል፤ ነፋስ ካገኘች ደግሞ ያቺ እሳት በቀጥታ ወደ ጫካው ነው።

ስለዚህ ከአያቶቻችን ጀምሮ ደንብ አለን። ጥር ሚካኤል ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ የሰፈሩ ሰው ዶማና ማጭድ ይዞ ይወጣል። በጫካው ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ሣሩን አጭዶ፣ አፈሩን ገልብጦ፣ እሳት የማይሻገረው ባዶ መሬት ያበጃል። የእሳት ድንበር እንለዋለን። አርባ አምስት ቤት ነን፤ ለእያንዳንዱ ቤት ድርሻው ሁለት ገመድ ነው። ገመዱን ጥሎ የሚለካውና ድርሻ የሚያካፍለው የእኛ ቤት ነው። ሰውን በቀንድ የሚጠራውም የእኛ ቤት ነው። አያቴ ይነፋ ነበር፣ አባቴ ይነፋ ነበር፣ አባቴ ሊሞት ሲል ቀንዷን ለእኔ ሰጠኝ። የአጋዘን ቀንድ ናት። ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጌ ስነፋ ሠርግ ላይ ያለም ለቅሶ ላይ ያለም ያለውን ትቶ ይነሣል። ሌላ ሰው ቢነፋ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሁሉ ቀንድ ሲነፉ ስለሚውሉ ሰው የሚለየው የእኔን እስትንፋስ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለኝ የለም። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ሰንበቴ ላይ ከቄሱ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ የጠላ ዋንጫ ለእኔ ትሰጣለች። "ለጫካው አባት" ብለው ነው የሚሰጡኝ። ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ያቺን ዋንጫ ከአንድ ጥማድ በሬ አላሳንሳትም ነበር።

አዝመራው ቤቱ ከቤቴ በታች ነው። ልጆች ሆነን ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ገባን። እኔ የየኔታን አለንጋ ፈርቼ ፊደል ሳልጨርስ ቀረሁ፣ እሱ ዳዊት ደገመ። እኔ አሥር ቀፎ ሰቅዬ አራቱ ንብ ሲገባባቸው፣ እሱ አምስት ይሰቅልና አምስቱም ይሞላሉ። ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ብትሰድበው "እሺ" ይላል። የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። መልሶ ቢሰድበኝ እኮ እገላገል ነበር!

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ከዳንግላ አንድ የደን ሹም በበቅሎ መጣ። አቶ ወርቅአየሁ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሰበሰበንና ወረቀት አወጣ። አማርኛ የማይሰሙ እናቶችና ሽማግሌዎች ስላሉ "ማን ያስተረጉምልኛል?" አለ። አዝመራው ተነሣ። ሹሙ መንግሥት ደንን ከእሳት ለመጠበቅ በጀት መድቧል አለ። አዝመራው ወደ አገውኛ እየመለሰ ደህና ሲሄድ ቆይቶ "በጀት" ላይ ሲደርስ ቆመ። አገውኛ የለውማ! እንዳለ "በጀት" ብሎት አለፈ።

"በጀት ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አያ ደጉ። አያ ደጉ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያልገባቸውን ነገር ዝም ብለው አያልፉም።

"መንግሥት ለዓመቱ ሥራ ብሎ አስቀድሞ ቆርጦ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ነው" አለ ሹሙ። "ለእናንተ ጫካ አንድ የደን ዘበኛ በወር ሃያ ብር፣ ካፖርትና ጫማ ተይዟል። ለእሳት መከላከያ ቁፋሮም ዘጠና ብር አለ።"

ሰው ተንጫጫ። ለቁፋሮ ዘጠና ብር! እኔ ግን ዘጠናውን አልሰማሁትም። የሰማሁት "አንድ የደን ዘበኛ" የሚለውን ነው። ማን ሊሆን ነው ታዲያ? ጋቢዬን አስተካከልኩና ወደ ፊት ጠጋ አልኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

"በየወሩ ጽፎ የሚያሳውቀኝ ሰው ነው የምፈልገው" አለ ሹሙ ወደ አዝመራው እያየ። "አንተ ትጽፋለህ አይደል?"

"ኧረ ጌታዬ፣ የጫካው አባት እኮ ሽባባው ነው" አለ አዝመራው።

"ይጽፋል?"

ከኋላ አንድ ሰው "አይጽፍም" አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ... ይቅር። አዝመራው ተመዘገበ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለየሻረግ "ስሜን የጠራው ለይምሰል ነው" አልኳት።

"ምን ይበል ታዲያ? ጠራልህ እኮ!"

ጠራልኝ! በሰው ፊት "ይጽፋል?" አስባለኝ እንጂ ምን አደረገልኝ?

በኅዳር ካፖርቱና ጫማው መጣ። ካኪ ካፖርት ነው፣ የናስ ቁልፍ ያለው፤ ጫማው ጥቁር ቆዳ። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ለብሶት ቤተ ክርስቲያን መጣ። የሻረግ አጠገቤ ቆማ "እንዴት ያምርበታል!" አለች። ዞር ብዬ አየኋት።

"ምን ያስፈጥጥሃል? ካፖርቱን ነው እኮ ያልኩት፣ ዓይንህ ላፈር!" አለችና ሳቀች።

ካፖርቱን ይሁን ሰውየውን ማን ያውቃል? ያም አልበቃ ብሎ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ገባን። ቄሱ ቀመሱ። አያ ደጉ ዋንጫዋን አነሡ፤ እኔም እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። ዋንጫዋ በእጄ አጠገብ አልፋ አዝመራው ዘንድ ሄደች።

"የመንግሥት ሰው ነው፣ ይቅደም" አሉ አያ ደጉ።

የተዘረጋችውን እጄን ምን ላድርጋት? ራሴን አከክሁባት። አዝመራው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "ኧረ ለሽባባው ይሁን" አለ።

"ጠጣ! የተሰጠህን ጠጣ!" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላ አለኝ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ መንገዱ ላይ የማየው የእሱን የጫማ ዱካ ነው። እኔ አርባ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ በአንድ ወር የእሱ ዱካ ሆነ። ሰው አለመኖሩን አይቼ በእግሬ እየረገጥኩ አጠፋው ነበር። ይኼን ለየሻረግ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ጥር ገባ። ሚካኤል አለፈ፣ ማክሰኞ ደረሰ። ቀንዷ ምሰሶው ላይ ተሰቅላለች፣ እኔ ከሥሯ ተቀምጫለሁ። ሰው እየመጣ "ሽባባው፣ ዛሬ አይደለም እንዴ?" ይላል።

"ዘጠና ብር ተመድቦ ሳለ በነፃ የሚቆፍር ሞኝ ማን ነው?" አልኩ። "ገንዘቡ እስኪመጣ ጠብቁ። የሚከፈለው ሰው አለ አይደል? ደመወዝ የሚበላው ያስቆፍር።"

ነገሩ ለሰው ጣፈጠ። እንዲጣፍጥ አድርጌ ነዋ የተናገርኩት! በሁለት ቀን ሰፈሩን ሞላው። በሦስተኛው ቀን "ገንዘቡማ ድሮ መጥቷል፣ አዝመራው ደብቆታል" የሚል ተጨመረበት። ይኼን እኔ አላልኩም። ሲባል ግን ዝም ብዬ ሰማሁ።

አዝመራው ቤቴ መጣ። ካፖርቱን አውልቆ፣ በጋቢ ነው የመጣው። እሱም አናደደኝ፤ ለእኔ አዝኖ ያወለቀው መሰለኝ።

"ሽባባው፣ ቀኑ አለፈ እኮ" አለ። "ንፋና ሰው ይውጣ።"

"ደመወዝ የሚበላ ይንፋ።"

"እኔ ብነፋ ማን ይሰማኛል? ሰው የሚያውቀው ያንተን ነው።"

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለመነኝ እኮ! እኔን!

"ሂድና ለጫማህ ንገረው" አልኩት።

"ገንዘቡ አልደረሰም" አለ ረጋ ብሎ። "ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ መንገድ ላይ ነው ይሉኛል። ሣሩ ግን ደርቋል።"

"እንግዲህ አራተኛ ጻፋ! መጻፉን ታውቅበት የለ?"

ትንሽ ቆሞ አየኝ፣ ቀንዷንም ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ "እሺ" ብሎ ሄደ። የሻረግ ከጓዳ ወጣች። "ምን አደረገህ ይኼ ሰው? ጫካው እኮ ያንተም ነው" አለችኝ።

"የእኔማ ነበር" አልኳት።

አዝመራው ቤት ለቤት ዞረ። "ዘጠናውን አምጣ" አሉት። ስለዚህ ከሚስቱ ከእናትነሽ ጋር ብቻቸውን ጀመሩ። በየቀኑ ከደጃፌ ሆኜ አያቸዋለሁ። ካፖርቱ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለቱ አጎንብሰው ይቆፍራሉ። ከምሥራቅ ጫፍ ተነሥተው የካቲት እስኪያልቅ የምሥራቁን እኩሌታ ጨረሱ። ምዕራቡን አልደረሱበትም። የእኛ ቤት ድርሻ በምዕራብ በኩል ነው። አንድ ቀን እናትነሽ ደክሟት ስትቀመጥ በቅል ውኃ አምጥቶ ሲያጠጣት አየሁ። በዚያም ቀናሁ። ሰው ሲደክመው እያየሁ ቀናሁ እላችኋለሁ! አንዳንዴ ዶማዬን ይዤ ልሂድ እልና "ሽባባውም የአዝመራው ሠራተኛ ሆነ" የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ እርሻ ላይ ነበርኩ። በሬዎቹ ቀድመውኝ አሸተቱና ቆሙ። ቀና ስል ከሜዳው ጫፍ ጭስ ተነሥቷል። ነፋሱ ወደ ጫካው ነው። በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሻረግ ቀንዷን አውርዳ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ንፋ!"

ተቀብዬ ወደ አፌ አደረስኳት። በዚህ መሃል ከታች የአዝመራውን ድምፅ ሰማሁ። "እሳት! እሳት! ኡ ኡ!" እያለ በሰፈሩ መሃል ይሮጣል። አንድም ሰው አልወጣለትም። ቀንዷን ከአፌ መለስ አደረግኳት።

"ትንሽ ይጩህ" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ሃያ ብር የሚበላ ሰው ትንሽ ቢጮህ ምን ይለዋል?"

የሻረግ ከተጋባን ጀምሮ እጇን አንሥታብኝ አታውቅም። ያን ቀን በጡጫ ደረቴን መታችኝ። "ያባትህ ቀፎዎች እዚያ ናቸው፣ አንተ ቀናተኛ!" አለችኝ። ቀናተኛ! ይኼን ስም መጀመሪያ ያወጣችልኝ ሚስቴ ናት።

ብዙ አልቆየሁም፤ ሰው አንድ ቅል ውኃ ጠጥቶ የሚጨርስበትን ያህል ነው የቆየሁት። ከዚያ ነፋሁ። ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጌ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ። ነፍቼም ጠበቅሁ። ሌላ ጊዜ ገና ሁለተኛውን ሳልጀምር በር ሲከፈት፣ ውሻ ሲጮህ፣ "የት ነው? የት ነው?" ሲባባሉ እሰማለሁ። ያን ቀን ምንም የለም። እርሻ ላይ ያሉት ቀና ብለው አዩና መልሰው ዕርፋቸውን ያዙ። ደግሜ ነፋሁ። አያ ደጉ ከማሳቸው ዳር ሆነው እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

"ምን ትለፋለህ ልጄ? የሚከፈለው አለ አይደል? አንተው አይደለህ እንዴ ያልከው?"

ኩም አልኩ። ቀንዷን ለየሻረግ አቀበልኳትና ሮጥኩ።

ጫካው ግርጌ የተገኘነው አራት ሰዎች ነን፤ አዝመራው፣ እናትነሽ፣ እኔ፣ ተከትላኝ የመጣችው የሻረግ። አርባ አምስት ቤት ካለበት ሰፈር አራት ሰው! እርጥብ ቅጠል ቆርጠን እየደበደብን ገባንበት። እሳቱ በሜዳው ስፋት ነው የመጣው። በምሥራቅ በኩል እነ አዝመራው የቆፈሩት ባዶ አፈር ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ወዲያው ሞተ። በዓይኔ ነው ያየሁት። በምዕራብ በኩል ግን ሣሩ እስከ ጽዱ ሥር ድረስ ቆሟል። የገባው በእኛ ቤት ድርሻ ነው፤ አባቴ በየዓመቱ በገዛ እጁ በሚያጸዳት በዚያችው ሁለት ገመድ ላይ።

"ሽባባው፣ ውጣ! ተመለስ!" እያለ አዝመራው በጋቢዬ ጎተተኝ። የአባቴ ቀፎዎች የተሰቀሉበት ትልቁ ኮሶ ሲነድ ቆሜ እያየሁ ነበር። ንቡ ሲጮህ ይሰማኛል። እሱ ባይጎትተኝ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር፤ በዚህም የውለታ ባለዕዳው አደረገኝ።

በማግስቱ ሰው ወጣ። ቀፎው ሲቃጠል ያየ ሁሉ ወጣ፤ ግን ምን ያደርጋል? ሦስት ቀን ነደደ። ምዕራቡ እኩሌታ ከሰል ሆነ፣ ምንጩም ወደ ግንቦት ግድም ቀጠነ።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አቶ ወርቅአየሁ መጣ። ዝናቡ ጀምሯል፣ በቅሎው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ታዲያ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ዘጠናውን ብር!

"ለአንድ ቤት ሁለት ብር ይደርሳል" አለ። "ድንበሩን ቆፍሩ።"

"ጌታዬ፣ አሁን እኮ ክረምት ነው" አሉ አያ ደጉ። "በዚህ ዝናብ ምን እሳት ይነሣል? ጫካውስ ቢሆን ተቃጥሎ የለ?"

"በሰኔ ሠላሳ ዓመቱ ይዘጋል አባቴ። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ከሆነ ደግሞ ለከርሞ በጀት የለም። እኔ ምን ላድርግ?" አለ። ፊቱን ሳየው እውነትም ጨንቆታል።

ቆፈርን። ያለ ቀንድ፣ ያለ ጥሪ፣ አርባ አምስቱም ቤት ንቅል ብሎ ወጣ። በዝናብ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ፣ ከሰል በሆነ ጫካ ግርጌ፣ ሰው እየሳቀና እየተቀላለደ ቆፈረ። እኔም ቆፍሬ ሁለት ብሬን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ አልፈልግም ልበል?

ሥራው ሲያልቅ ሹሙ ሰበሰበን። "አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ" አለ። "ጫካው የተቃጠለው ዘበኛ እያለው ነው። አዝመራው፣ ድንበሩ በጥር ለምን አልተቆፈረም?"

"ሰው አልወጣልኝም፣ ጌታዬ።"

"ለምን አልወጣም?"

አዝመራው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። አያ ደጉ ዝም። ሰው ሁሉ ዝም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ ሁለት ብሩን በመቀነቱ ቋጥሯል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። "እኔ ነኝ ያስቀረሁት" ማለት ብቻ። በሚካኤል ስም እምላለሁ፣ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ስል ግን የዚያ ካፖርት የናስ ቁልፍ ብልጭ አለብኝ። ዋጥኳት።

"እንግዲህ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል" አለ ሹሙ። "ዘበኛ ይለወጣል። ማን ይሁን?"

"ሽባባው ይሁን፣ የአባቱ ሥራ ነው" አሉ አያ ደጉ።

"መጻፍ አይችልም ብላችሁኝ አልነበር?"

"ያስጽፋል" አሉ። ሹሙም ደክሞት ኖሮ ቀለሙን አቀረበልኝ፤ አውራ ጣቴን ነክሬ ተጫንኩ።

አዝመራው በነጋታው ካፖርቱን አጣጥፎ፣ ጫማውን ጠርጎ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። "እንኳን ደስ አለህ" አለኝ። ሲያሾፍ አይደለም፤ እሱ ማሾፍ አይችልበትም። ከሄደ በኋላ ለበስኩ። ካፖርቱ ትከሻዬ ላይ ያዘኝ፤ ጫማው ከእግሬ አነሰ። የሻረግ ፊት ቆምኩ፣ ያቺን ቃል ልሰማ።

"እንዴት ነኝ?"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይጠብሃል" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሰንበቴ ላይ ዋንጫዋ ከቄሱ ቀጥላ ወደ እኔ መጣች። እሰይ አልኩ በልቤ። አያ ደጉም "የመንግሥት ሰው ነው፣ ይቅደም" ብለው አቀበሉኝ። "ለጫካው አባት" አላሉም። ከዚያም ወዲህ ብለውኝ አያውቁም። በየወሩ ለሹሙ የሚላከውን ጽሑፍ ጎረቤቴ አዝመራው በአንድ አፍታ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔ ግን ግማሽ ቀን ተጉዤ አዘና ገበያ ላይ ለራፖር ጸሐፊ እየከፈልኩ አስጽፋለሁ። ለምን ብትሉኝ አትጠይቁኝ፣ ታውቁታላችሁ።

ዓመቱ ዞረና ጥር ሚካኤል አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ነፋሁ። ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጌ። አንዱ ከበሩ ብቅ ብሎ "በጀቱ መጣ እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ። "ገና ነው" አልኩት። "ሲመጣ ጥራን እንግዲህ" ብሎ ገባ። ሌሎቹ መውጣቱም አላስፈለጋቸውም።

ገመዴንና ዶማዬን ይዤ ብቻዬን ወደ ጫካው ግርጌ ወረድኩ። አንድ ሰው ቀድሞኝ ቆሟል፤ ዶማውን ተደግፎ፣ በባዶ እግሩ። አዝመራው ነው።

"የኔ ቤት ድርሻ ዘንድሮ ከየት እስከ የት ነው?" አለኝ።

"አዝመራው" አልኩ፣ "ያን ቀን፣ ሹሙ ሲጠይቅ..."

"አውቃለሁ" አለ። "ገመዱን ጣልልኝ፣ ፀሐይ ሳትከርር ልጀምር።"

ሁለት ገመድ ለካሁለት። ጎንበስ ብሎ ጀመረ፤ እኔም ቆሜ እንደ ዘበኛ ጠበቅሁት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረሰ። አፈሩን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ዶማውን አራገፈ፣ "ድርሻዬን ጨርሻለሁ፤ እግዜር ያበርታህ" ብሎኝ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ቤቱ ወጣ። ካፖርት የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ዋንጫ የለውም። ከኋላው እያየሁ ቀናሁበት። ከዚያ በፊት ከቀናሁት ሁሉ የባሰ ቀናሁበት፤ ምክንያቱም ማታ ተኝቶ ያድራል።

የቀረው መሬት ከፊቴ ነው፤ ሰማንያ ስምንት ገመድ። ቁጭ ብዬ ጫማውን አወለቅሁ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የአባቴ ድርሻ ነበር፤ ከዚያ ጀመርኩ።